ዝም ባልንበት ሰዓት መስመራችንን ለወሰዱልን ኃላፊ

ለተከበሩ የ«ቅድሚያ ለቀጥታ» አገልግሎት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጂንካ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ፣ እንዲሁም በጽሕፈት ቤትዎ ጓሮ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ለሚውለው ጄኔሬተር የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና መሆኔን ወይጦ ላሉት ዘመዶቼ በስልክ ልነግራቸው ሞክሬ ስላልተሳካልኝ እርስዎ ከእነሱ ቀድመው ለመስማት በቅተዋል፤ ለዚህም እንኳን ደስ አለዎት ለማለት እወዳለሁ።

ውባየሁ ታሪኩ እባላለሁ። ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አባቴ ከጎፋ ወደ ወይጦ ለጥጥ እርሻ ሥራ የመጣ ሰው ስለነበር ያደግሁት ከበና ልጆች ጋር ነው፤ ቋንቋቸውንም ከጨዋታ ጋር አብሬ ለመድሁት። በዚህ ምክንያት በሽተኛና ሐኪም መግባባት ሲያቅታቸው የስፌት መኪናዬን አቁሜ ለማስተርጎም እሄዳለሁ። በአካል ያልመጣ ዘመድ ካለ ደግሞ በስልክ አስተረጉማለሁ። ክቡርነትዎን ለማወቅ የበቃሁትም በዚሁ በስልክ ማስተርጎም የተነሣ ነው።

«ቅድሚያ ለቀጥታ» የተመረቀ ዕለት እኔም አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ባለሙያዎ በሸራ ላይ ሥዕል እያሳዩ እንዳስረዱን፣ የሞባይል ኔትወርክ ጠባብ መንገድ ነው፤ የጽሑፍ መልእክትና ፎቶግራፍ ቢዘገዩ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሰው ድምፅ ግን በሰዓቱ ካልደረሰ ባይደርስ ይሻላል፤ ስለዚህ ከእንግዲህ ድምፅና ቀጥታ ምስል እንደ አምቡላንስ መንገድ ይለቀቅላቸዋል ተባለ። እርስዎም ተነሥተው በጂንካ እያንዳንዷ ሰከንድ ትቆጠራለች ሲሉ እጄ እስኪግል አጨበጨብሁ። ያንን ጭብጨባ ከዛሬ ጀምሮ መልሼ የወሰድሁ መሆኔን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ብዙ ስለሆነ በቁጥር ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

1ኛ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ለራሱ ስለሰጠው ክብር አመሰግናለሁ። በምረቃው ዕለት ሳይነገረን የቀረ አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ እሱም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ነው። ይህንን የነገረኝ የእርስዎው ሠራተኛ ያቤጽ ነው። እሱም የነገረኝ ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጥቶ፣ ዓይኔን ሳያይ ነው። እንደነገረኝ ከሆነ ጽሕፈት ቤትዎ ስብሰባውን በቀጥታ በሚያስተላልፍበት ሰዓት የጂንካ የስልክ ማማ ከሁሉ በፊት የእናንተን ምስል ያሳልፋል፤ ከዚያ የተረፈውን ለሕዝቡ ያካፍላል። የተረፈው አልበቃ ሲል ደግሞ ድምፅ የማይሰማባቸው ጥሪዎች እየተፈለጉ ይቆረጣሉ። ሁለት ሰዎች ስልክ ይዘው ጥቂት ሰከንድ ዝም ካሉ ማሽኑ ሥራ ፈቶች ናቸው ብሎ ይፈርድባቸዋል፤ መስመራቸውም ተነጥቆ ለስርጭቱ ይጨመራል። ይህ ብልሃት የመነጨው ከክቡርነትዎ እንደሆነ ስሰማ ከቶ አልገረመኝም፤ እርስዎ ዝም ብለው የታዩበት ስብሰባ የለምና፣ ዝም ያለ ሰው ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል ብለው እንዲጠረጥሩ ማን ያስተምርዎታል።

2ኛ፦ ኤልሳን ስላላወቋት አመሰግናለሁ፤ ቢያውቋት ኖሮ ምሳዎ ባልተስማማዎት ነበር። ኤልሳ የአቶ ኦይታ ልጅ ናት። አቶ ኦይታ ከወይጦ ወጣ ብለው ከብት የሚያረቡ የበና ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው ለትምህርት ጂንካ መጣች፤ ቤተ ክርስቲያን ገባች፤ ኤልሳ ተባለች፤ ከዚያም ወንድሙ የሚባለውን የጋሞ ልጅ፣ ግንበኛውን፣ አባቷን ሳታስፈቅድ አገባች። አባትና ልጅ ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው ቆይተው በስንት ሽማግሌ ታረቁ። እርቁ ላይ አስተርጓሚ የነበርሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ኤልሳ ከእንግዲህ በሕይወቴ ከባድ ነገር ሲመጣ የእርስዎን ቃል ሳልሰማ አላደርግም ብላ ለአባቷ ቃል ገባች፤ እርሳቸውም ወንድሙን አማች ብለው ተቀበሉት።

ይህች ኤልሳ ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል ገባች። ዶክተር አብኔር መርምረዋት ሕፃኑ እየደከመ ስለሆነ በቀዶ ጥገና መውለድ አለባት አሉ። ባሏ ወዲያው እሺ አለ። እሷ ግን አባቴን ጠይቁልኝ አለች። ሐኪሙ አስረዷት፤ ባሏ ለመናት፤ እኔም ተቆጣኋት። አንዴ ጥሻቸዋለሁ፣ ሁለተኛ አልጥሳቸውም አለች እንጂ ከቃሏ ፈቀቅ አላለችም። ያም ሆኖ ማናችንም አልተደናገጥንም። የሚፈለገው የአንድ ሰው አንድ ቃል ነው፤ ስልክ በእጃችን አለ፤ ማማው ከመስኮቱ ይታያል፤ አገልግሎቱም በጭብጨባ ተመርቋል።

በወይጦ መንገድ ዳር ሱቅ ላለው ለሙሴ ደወልሁ። እንደ ዕድል ሆኖ አቶ ኦይታ ገበያ ወጥተው እሱው ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ሐኪሙ የተናገሩትን አንድም ሳላስቀር በበና ቋንቋ ነገርኋቸው፤ በመጨረሻም ይፈቅዳሉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አቶ ኦይታ ዝም አሉ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ጥቂት ቢታገሡኝ። በእነ አቶ ኦይታ ዘንድ ከባድ ነገር የተጠየቀ ሰው ቶሎ አይመልስም። ቶሎ መመለስ ነገሩን ማቃለል ነው፤ ጠያቂውንም መናቅ ነው። ልጅ ሳለን በግቢያቸው ምክር ተይዞ ዝምታው ሲረዝም እኛ ልጆቹ እንኳ ጨዋታችንን ይዘን ራቅ እንል ነበር። ጠያቂውም መልሱን ሳይሰማ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ከተነሣ ግን ምክሩን ረግጦ፣ ለመካሪውም ጀርባውን ሰጥቶ እንደሄደ ይቆጠራል። ስለዚህ አቶ ኦይታ ዝም ሲሉ ደስ አለኝ፤ ጥያቄውን ተቀብለው እየመከሩበት ነበር። ኤልሳም ዓይኔን እያየች ያንኑ ገባትና ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። በዚህ ጊዜ መስመሩ ተቆረጠ፤ ወዲያውም በስልኬ ላይ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ መልእክት ገባ። «ውድ ደንበኛችን፣ በቅድሚያ ለቀጥታ እያንዳንዷ ሰከንድ ትቆጠራለች» ይላል። የጽሑፍ መልእክት ይዘገያል ያለን ማን ነበር?

ደግሜ ብደውል አልገባ አለኝ። በዚያው ሰዓት ክቡርነትዎ በአዳራሹ ውስጥ የገጠሩን የስልክ ድምፅ ጥራት ስለማሻሻል ዐውደ ጥናት ከፍተው ለመላው ዓለም በቀጥታ ያስተላልፉ ነበር። ብዙ ታግለን ስልኩ ሲገባ ሙሴ ነበር ያነሣው፤ ድምፁ ተለውጧል። «ውቤ ምን ነካችሁ? ሽማግሌው እኮ ተነሡ። እየመከርሁ ጀርባ ሰጡኝ ነው የሚሉት» አለኝ። ለምኖ መልሶ አስቀመጣቸው። እኔም ይቅርታ ጠይቄ ጥያቄውን እንደገና ከመጀመሪያው አቀረብሁ። አቶ ኦይታ እንደገና ዝም አሉ፤ ክቡርነትዎም እንደገና ቆረጧቸው።

3ኛ፦ መስመርዎ ምን ያህል ጥራት እንዳለው በራሴ ጆሮ ስላሰሙኝ አመሰግናለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንገናኝ፣ የሚቆረጠው ዝም ሲባል መሆኑን ጠርጥሬ ነበር። ስለዚህ ዝምታው ሲጀምር እኔ ሳላቋርጥ መናገር አለብኝ ብዬ ወሰንሁ። በበና ቋንቋ ብናገር በምክራቸው መሐል መግባት ይሆንብኛል፤ በአማርኛ ቢሆን ግን አይሰሙትም፣ ማሽኑም ይጠግባል። ሳላስብ፣ ሳልደናቀፍ፣ ሳላቆም መናገር የምችለው ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው። እኛ ጴንጤዎች በጸሎት ቃል አያጥረንም። ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለኤልሳ መጸለይ ጀመርሁ።

መስመርዎ ጸሎቴን አንዲት ቃል ሳይጥል ከጂንካ ወይጦ አደረሰው። አልተንተባተበም፣ አልዘገየም። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ጥርት ያለ ጥሪ አላየሁም።

አቶ ኦይታ አማርኛ አይሰሙም፤ የጸሎታችንን ዜማ ግን ያውቁታል። የሰሙት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አማኝ የነበረው የወንድማቸው ልጅ ሲቀበር። ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ዝቅ ያለ ድምፅ ከልጃቸው አልጋ አጠገብ በስልክ ሲሰሙ ሁለት ጊዜ ለምን ጥለናቸው እንደሄድን የገባቸው መሰላቸው፤ ልጃቸው ሞታለች፣ እኛም መርዶውን ቀስ በቀስ እያለማመድናቸው ነው። ስልኩን ለሙሴ መልሰው ሰጡት። ከሙሴ በስተጀርባ የተነሣው ዋይታ ለእኔ የደረሰኝ በዚያው በጥራት ነው። አልሞተችም እያልሁ ብጮኽም ስልኩን ወደ ጆሮው ያስጠጋ ሰው አልነበረም፤ ሱቁ ደጃፍ የነበረው ሁሉ ለቅሶ ላይ ነበር። ለቅሶ ሳያቋርጡ የሚያሰሙት ድምፅ ስለሆነ ደንብዎን ሙሉ በሙሉ አሟልቷል፤ ማሽኑም አልነካውም።

አቶ ኦይታ አስከሬን ለመውሰድ ከዘመዶቻቸው ጋር በአይሱዙ ላይ ተጭነው ጂንካ መጡ። ልጃቸውን በሕይወት አገኟት። ማንንም አልሰደቡም፤ አልጋዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዶክተር አብኔር ጥያቄውን ደግመው አቀረቡ፤ እኔም አስተረጎምሁ። አቶ ኦይታም ዝም አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚቆርጣቸው አልነበረም። ሐኪሙ ላባቸውን እየጠረጉ ቆመው ጠበቁ፤ ወንድሙ ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀ። ከዚያ ሽማግሌው ክፈቷት፣ ልጄን ብቻ መልሱልኝ አሉ።

ኤልሳ ተርፋለች። ሕፃኑ ወንድ ነበር፤ ሳይተነፍስ ወጣ። በነጋታው ዶክተር አብኔርን፣ በመጀመሪያው ጥሪ ፈቃዱ ቢገኝ ኖሮ ሕፃኑ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ዝም አሉ። በመካከላችን ስልክ ስላልነበረ እስኪመልሱልኝ ጠበቅሁ። ይመስለኛል አሉ።

4ኛ፦ ስለ መስተንግዶዎ አመሰግናለሁ። ከወንድሙ ጋር አቤት ልንል ቢሮዎ ስንመጣ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ፀደይ ሲስተሙ አፕግሬድ ላይ ስለሆነ ቅሬታ መቀበል አይችልም ብለው ወንበር ሰጡን። ወንበሩ ምቹ ነው። በኋላም ክቡርነትዎ ራስዎ ብቅ ብለው የመጣንበትን ጉዳይ ከሰሙ በኋላ ችግሩ የኔትወርክ ሳይሆን የአጠቃቀም ነው በማለት ልጁን ለቀበረው አባት አስረዱልን። ወንድሙ ድንጋይ ሲጠርብ የሚውል ሰው ነው፤ እጁን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ መውጣቱን የጽሕፈት ቤትዎ የዓመቱ ትልቅ ስኬት አድርገው ቢመዘግቡት አይበዛበትም።

ብዙ ሳይቆይ በበርዎ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «የተከበራችሁ ደንበኞች፣ በጥሪ ወቅት ረጅም ዝምታን በማስወገድ ሳታቋርጡ እንድትነጋገሩ ይመከራል» ይላል። ማኅተምም አለው። እንግዲህ በክቡርነትዎ ምክር መሠረት ኦሞራቴ ዓሣ ሊያጠምድ የሄደው ልጇ ደውሎ ታምሜያለሁ ሲላት እናት ቃል አጥሯት ዝም እንዳትል፣ ይቅርታ የተጠየቀ ሰው ልቡ እስኪራራ እንዳይጠብቅ፣ ገዘር ከተማ ያለች ልጃገረድ ታገቢኛለሽ ወይ ስትባል አፍራ እንዳታቀረቅር፣ ሁሉም ቢያንስ ስለ አየሩ ጠባይ እያወራ መስመሩን እንዲይዝ ልናስተምር ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል ነበር፤ እናንተ ያፈሰሳችሁትን ግን የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

5ኛ፦ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ደብዳቤውንም የጻፍሁት ስለዚህ ነው። በሕፃኑ የተጀመረው በሕፃኑ ቢያበቃ ኖሮ አልቅሰን ዝም ባልን ነበር። አቶ ኦይታ ግን መስመሩን ሁለት ጊዜ የቆረጠው አማቻቸው ወንድሙ ነው ብለው አምነዋል። ቀድሞም ሳያስፈቅደኝ ልጄን ወሰደ፣ አሁንም ስመክር አፌን ዘጋው፣ ከዚያም በሕይወት ባለች ልጄ ላይ የቀብር ጸሎት አስጸለየባት ይላሉ። እርቁ ፈርሷል። ኤልሳን ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ ግቢያቸው ወስደዋታል። ወንድሙ ሁለት ጊዜ ወይጦ ወርዶ ከደጅ ተመልሷል። እሷም ከሁለቱ አንዱን ምረጪ መባል ሰልችቷት፣ በሙሴ ስልክ ስትደውልልኝ እንደ ምክርዎ ሳታቋርጥ ታለቅሳለች።

እኔ ወይጦ ድረስ ሄጄ የቆረጠው ማሽን ነው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። አቶ ኦይታ አሰቡበት፤ ከዚያም፣ ማሽን ማን ዝም እንዳለ ምን አገባው፣ ይህን ያዘዘው ሰው ነው፣ ያ ሰው ይምጣና ይንገረኝ አሉኝ። ከቢሮዎ እንዳገኘሁት መልስ ሳይሆን ትክክለኛ መልስ ስለሆነ ለክቡርነትዎ አድርሼያለሁ።

ስለዚህ ካሣ አልጠይቅም፤ አዲስ ማማም አልጠይቅም። በመጀመሪያ ያ የዝምታ ደንብ ከመስመሩ ላይ ይነሣ። ሁለተኛም አንድ ቀን፣ ስብሰባ የሌለዎት ቀን ከተገኘ፣ ወይጦ ይውረዱ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ መኪናዎም ጥሩ ነው። አቶ ኦይታ ፊት ይቀመጡና የቆረጠው አማችዎ አይደለም፣ እኔ ነኝ ይበሏቸው። እኔ ያለ አበል አስተረጉማለሁ። ይህን ከተናገሩ በኋላ ሽማግሌው ዝም ይላሉ። ምን ያህል እንደሚቆይ አላውቅም፤ አጭር እንደማይሆን ግን እገምታለሁ። እስከሚመልሱልዎ ድረስ ከተቀመጡበት አይነሡ፤ አያስሉ፣ ስልክዎን አይመልከቱ፣ ስለ ዕቅድ አፈጻጸምም ምንም አይናገሩ። ይህንን ከቻሉ አንዲት ሴት ወደ ባሏ ትመለሳለች።

የክቡርነትዎን ውድ ሰከንዶች ይህን ያህል በመሻማቴ በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ጄኔሬተርዎ ነዳጅ እንዳያጣ፣ ልጆችዎም ሲያምማቸው ሐኪማቸው የሚደውለው ስብሰባ በሌለበት ሰዓት እንዲሆን ከልብ በመመኘት፣ ከማማዎ ጥላ ሥር ያለሁ ታዛዥ ደንበኛዎ ነኝ።

ውባየሁ ታሪኩ
ልብስ ሰፊና አስተርጓሚ
ጂንካ

ማሳሰቢያ፦ የዚያን ቀን ዐውደ ጥናት ሙሉ ስርጭት ዛሬም በጽሕፈት ቤቱ ገጽ ላይ ስለሚገኝ ከወንድሙ ጋር ሆነን ተመልክተነዋል። አቶ ኦይታ የመጀመሪያውን ጥሪ ዝም ብለው ሲመክሩ የነበሩበትን ሰዓት ፈልገን አገኘነው። በዚያ ሰዓት ተሰብሳቢው ለሻይ ዕረፍት ወጥቷል። በመድረኩ ላይ ማንም የለም፤ የላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውኃና የክቡርነትዎ ስም የተጻፈበት ካርቶን ብቻ ይታያል። ሻዩ እስኪጠጣ ድረስ ያለምንም ድምፅ እንደዚያው ይቀጥላል፤ አንድ ጊዜም አልተቆረጠም።